እናታችንን ከወንዝ ዳር የጠራት

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ለነገሩ ለሰው ጤና የሚሸጥ ሰው ለራሱ አያጣም። እኔ ደህና ነኝ። እማማም አሁን ደህና ናት፤ «አሁን» ያልኩበትን እነግርሃለሁ።

የአጎታችን ልጅ ፑዌብላ ከተማ አንተ ዘንድ ደርሶ ሲመለስ በርህ ላይ የሰቀልከውን ሰሌዳ አወራልን። «ኩራንዴሮ» ብለህ በቀይ ቀለም አስጽፈሃል አሉ። ለደንበኞችህም ቃሉ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ከአያቶቻችን የወረስነው ምስጢር ነው ትላለህ። አታፍርም? ቃሉን ያመጡት ስፔኖቹ ራሳቸው ናቸው፤ ማከም ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው፤ ፈዋሽ ከማለት አያልፍም። አያቶቻችን በቋንቋቸው ሌላ መጠሪያ ነበራቸው። ደግሞ ይህን ስም የዳነ ሰው ያወጣልሃል እንጂ ለራስህ አታወጣውም። እማማ ዕድሜዋን ሙሉ ስታክም ኖራ በሴት አጠራሩ «ኩራንዴራ ነኝ» ብላ አታውቅም። አንተንም በዚህ ስም ጠርታህ አታውቅም፤ የሚያንገበግብህም እሱ ነው።

በቀደም ልብስ ልታጥብ ወርዳ ወንዙ ድንገት ሞልቶ ሊወስዳት ነበር። ተረፈች፤ ግን ከዚያ ወዲህ እህል አልቀምስ፣ አልናገርም አለች። ድንጋጤው ነፍሷን ወንዝ ዳር እንዳስቀረው ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ወርዶ፣ በስሟ ጠርቶ ነፍሷን መመለስ ያለበት እሷ ያስተማረችው ልጅ ነው፤ ያስተማረችው ደግሞ አንተን ነው። ስደውልልህ «እትዬ፣ ሰሞኑን ደንበኛ በዝቶብኛል፤ ሻማ እልክልሻለሁ» አልከኝ። ሻማው ደርሶናል። መብራት ሲጠፋ እናበራዋለን።

እኔ በዚህ ነገር እንደማላምን ታውቃለህ። ጤና አዳም ቆርጬ፣ ሰው እንዳያየኝ ተከናንቤ ወረድኩ። መሬቱን በቅጠሉ እየመታሁ «ኤፒፋኒያ፣ ነዪ ወደ ቤትሽ፣ እዚህ አትቅሪ» አልኩ። እናቴን በስሟ ስጠራት የመጀመሪያዬ ነው፤ ለቅሶው አላባራ አለኝ። እየጠራኋት ዳገቱን ወጣሁ።

ቤት ስገባ የበቆሎ አጥሚት ጠየቀችኝ። ጠጥታ ስታበቃ «ማነው የጠራኝ?» አለች። ማንን እየጠበቀች እንደሆነ ፊቷ ላይ አየሁት። «ልጅሽ ነው፤ ጠርቶሽ ወደ ሥራው ተመለሰ» አልኳት። ይኸው ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ኩራንዴሮ ሆነ» እያለች ታወራለች። ስሙ ወጣልህ፤ ደስ ይበልህ።

ለሙታን ቀን በዓል ና። ጤና አዳሙን ከየት እንደቆረጥክ ከጠየቀችህ፣ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ በላት። አልቅሰህ እንደሆነ ከጠየቀችህም አትካድ፤ ለቅሶውን ሰምታዋለች።

የጓዳሉፔዋ እመቤታችን ከክፉ ትሰውርህ፤ ልብም ትስጥህ።

እህትህ