ለጣራ ሥር አራሶች የተሟገቱት እህታችን

እህታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ኅዳር 3 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የአምስት ልጆች ታላቅ ስለሆኑ፣ ታናናሾቻቸው ከ«እትዬ» በቀር በሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም። መሰላል መውጣትን ከአባታቸው ተማሩ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው በ1971 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት ተመረቁ፤ በ1973 ዓ.ም. መምህር አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

በዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ሥራቸው በየጸሎት ቤቱ ጣራ ሥር የሰፈሩ የሌሊት ወፎችን ከምእመናን ጋር ማስታረቅ ነበር። ወፎቹ ትንኝና የሰብል ተባይ ይበላሉ፤ ኩሳቸው ግን ምንጣፍ ላይ ይወድቃል። አማታቸው «ልጄ ሰው ያገባ መስሎት ከሌሊት ወፍ ጋር ተዛመደ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ያጠፉት ጥፋት እንዳይዘለል እትዬ ራሳቸው አደራ ብለዋል። አንድ ጸሎት ቤት ወፎቹን አስወጡልን ቢላቸው፣ አመሻሹ ላይ ለአደን እስኪወጡ ጠብቀው ቀዳዳውን አስመረጉት። ጣራው ባዶ መስሏቸው ነበር። ለካ መብረር ያልጀመሩ ግልገሎች ውስጥ ቀርተዋል። ምእመናኑ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሦስት ቀን ሙሉ በጸሎት መሀል ሲጮሁ ሰሟቸው፤ በአራተኛው ቀን ጸጥ አለ። እትዬ የሰሙት በአምስተኛው ነው። ለብዙ ጊዜ እህል ውኃ አላሰኛቸውም።

በ1994 ዓ.ም. የዚህ ዛሬ የተሰበሰብንበት ጸሎት ቤት ሽማግሌዎች ጣራውን በጭስ አጥነው ሊደፍኑ ቀን ቆረጡ። ግልገሎቹ ሊበሩ ገና አምስት ሳምንት ይቀራቸው ነበር። እትዬ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው በጥናት ቢያስረዱም ሰሚ አጡ። በቀኑ ሲደርሱ መሰላሉ ቆሟል፣ ማገዶው ተከምሯል፤ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የሆኑት ቁጡው ባለ ወፍጮ ክብሪት ይዘዋል። እትዬ ወረቀታቸውን አጥፈው የ1979ኙን ጥፋት አንድም ሳያስቀሩ ተናዘዙ። ከዚያም «አባቴ፣ እላይ ያሉት አራሶች ናቸው። አራስ ከቤት ታስወጣላችሁ?» አሉ።

ሰብሳቢው ክብሪቱን ኪሳቸው ከተው ስንት ቀን እንደቀረ ጠየቁ። ምእመናኑ አምስት ሳምንት ሙሉ ግቢው ውስጥ አንጥፈው ጸለዩ። ከዚያ ወዲያ ጭስ ያነሳ ሰው የለም፤ ኩሱን የሚይዝ ሸራ ከጣራው ሥር ተወጠረ። እትዬም ሃይማኖታቸው የተለያየ አሥራ አንድ ጸሎት ቤቶችን በዚሁ መንገድ አግባብተዋል።

ሐኪም የጣራው አቧራ ሳንባቸውን እየጎዳው እንደሆነ ሲነግራቸው ልጆቻቸው ሥራውን ይተዉ ብለው ተቆጡ፣ አለቀሱ፤ እሳቸው ግን እሺ አላሉም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን አራት ታናናሾቻቸውን ትተዋል።

ወሩ የሌሊት ወፎቹ የመውለጃ ወር ነው። አሁን ዘጠና ዓመት የሞላቸው እኒያው ባለ ወፍጮ ሰብሳቢ ልቅሷችን ግልገሎቹን እንዳያስደነግጥ ሽኝቱ በግቢው ይሁን ብለው ስለለመኑን፣ ዛሬ ደጅ ቆመን እንሸኛቸዋለን።

አምላክ ነፍሳቸውን ማንም በማያስወጣቸው ቤት ያሳርፍልን።