ለአንድ ሰው ፊት የለመኑት መምህር ዓብዱልላጢፍ ዐወድ

መምህር ዓብዱልላጢፍ ከአባታቸው ከአቶ ዐወድ ኸሊፋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኸድራ ሙሳ በ1953 ዓ.ም. በመንጌ ተወለዱ። ሼኽ ዘንድ ቁርኣን ከቀሩ በኋላ አሶሳ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። በቤታቸው የሚነገረው በርታኛ ስለነበር በአማርኛ ወንዱንና ሴቱን ሲያደባልቁ አብረዋቸው የሚማሩ ልጆች ይስቁባቸው ነበር። እሳቸውም ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው፣ የእነዚያኑ የሳቂዎቹን ልጆች በባምባሲና በአሶሳ ሠላሳ ዓመት ያህል አማርኛ አስተማሩ።

በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሪም ጋር ትዳር መሥርተው ኑሃን፣ ዋሊድን እና ዐፊፋን አፍርተዋል። መምህር ቁጡ ነበሩ፤ የተዋሰውን መጽሐፍ ገጹን አጥፎ የመለሰ ሰው ዘመድም ቢሆን ሁለተኛ አይዋስም ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ብቸኛ ልቦለዳቸውን አሳተሙ። መጽሐፉ አብዱልሐሚድ የሚባል፣ ከአሶሳ ወደ ዋና ከተማ በሥራ የተዛወረ መሐንዲስ ታሪክ ነው። አብዱልሐሚድ ስም እያለው በቆዳው ቀለም ይጠራል፤ ሊፍት ውስጥ ቆሞ ሳለ ሰዎች «ግቡ፣ ማንም የለም» ይባባላሉ።

ለመጽሐፉ ምረቃ ወደ ዋና ከተማ ሲሄዱ መምህር አዳራሹ ቀድመው ደረሱ። በመንደራችን ድግስ ቀድሞ የደረሰ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቆምምና ወንበር መደርደር ጀመሩ። አዘጋጆቹም የአዳራሹ ሠራተኛ መስለዋቸው ጠረጴዛም አሸከሟቸው። ሰዓቱ ሲደርስ ደራሲው ገና መንገድ ላይ መሆናቸው በማይክሮፎን ተነገረ። መምህር ከኋላ ረድፍ እጃቸውን አወጡ። ይህን ሲያጫውቱን ይስቁ ነበር፤ እኛ ግን ዛሬም ያንገበግበናል።

እሳቸውን የከነከናቸው ሌላ ነው። የመጽሐፉ ሽፋን ላይ አብዱልሐሚድ ዓይንም አፍም የሌለው ጥቁር ጥላ ሆኖ ተሥሏል። መምህር ፊት ይሣልለት ብለው አሳታሚዎቹን ቢለምኑ፣ ጥላው ጥልቅ ተምሳሌት ነው ተባሉ። ሐያሲዎችም መሐንዲሱን ትተው ስለ ጥላው ጻፉ። መምህርም «እናንተ ዘንድ ተምሳሌት ፊት አይኖረውም?» ብለው ወደ አሶሳ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ መጽሐፉ ዳግመኛ ሲታተም ሰውየው ፊት እንዲኖረው።

በ2015 ዓ.ም. የስኳር ሕመም የዓይናቸውን ብርሃን ወሰደው። ባለፈው ሚያዝያ የቀድሞ ተማሪያቸው ሠዓሊ ነብዩ፣ ወላጆቹ በሠፈራ የመጡ ልጅ፣ ለሁለተኛው እትም የሣለውን ሽፋን ይዞ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ። መምህር ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ልሙጥ ነበር። «ዓይን አለው?» አሉ። ወይዘሮ ሪም፣ «አለው፣ የኑሃ አባት። ያንተ ዓይን ነው» አሏቸው። ሽፋኑን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኛም አለቀስን።

መምህር ዓብዱልላጢፍ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ ወደ አኼራ ሄደው በዕለቱ በአሶሳ ተቀብረዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ሁለተኛው እትም ገና ማተሚያ ቤት ነው። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ ለዱዓ የተሰበሰባችሁ ሁሉ አላህ ይስጥልን።

ፊታቸውን አሳምሮ የፈጠረው ጌታ ይዘንላቸው።