የእማማ ጆሮ በር

መጋቢት 12፣ ከምሳ በኋላ

ለቤቴ አዛዥ፣ ለውዷ ባለቤቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ወገቤን ብትጠይቂው ሌላ ይልሻልና አትጠይቂው። ለወገብስ አብራን የመጣችው ነርስ ቅባት አላት፤ ናፍቆት ግን ታሽቶ የሚለቅ ነገር አልሆነም። ጠዋት ስነቃ አንቺን ልቀሰቅስ እጄን እሰድና ግድግዳውን አገኘዋለሁ። ግድግዳው አያጉረመርምም። ያንቺ ማጉረምረም እንዲህ ይናፈቃል ብሎ ማን ይገምታል!

ስልክ እዚህ አይሠራም። ደብዳቤሽን መድኃኒት የሚያመጣልን መኪና አደረሰልኝ። «እጄን ቁርጥማት ይዞኛል» ብለሽ ጎረቤታችንን መምህርቷን ነው ያስጻፍሻት። ጽሕፈቷ ያምራል፤ ቢሆንም ያንቺን ዘንበል ዘንበል የሚል ፊደል ስፈልግ ቆየሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ተልከን ስለመጣንበት አገልግሎት ጠይቀሽኛል። ጉልበት ያለው ሁሉ ሥራ ፍለጋ ከመንደሩ ወጥቷል፤ የቀሩት አባቶችና እናቶች ብቻ ናቸው። ነርሷ እግራቸውን ታጥባለች፣ ቁስላቸውን ታስራለች። መጋቢያችን ይጸልይላቸዋል፣ ጸሎቱ ሲያልቅ ደግሞ ውኃ ይቀዳላቸዋል። እኔ የሚወላገድ አልጋ አቀናለሁ፤ ደረጃ ላይ መደገፊያ እሠራለሁ። ለአንድ አባት ምርኩዛቸው ረዝሞባቸው ብቆርጥላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ እኔን እኮ ነው ያሳጠርከኝ» አሉኝ። በዚህ ሽበቴ «አንተ ልጅ» ተብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከሁሉም የምወዳቸው አንዲት እናት አሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው። ገና አፋችንን ሳንከፍት ማን ማን እንደሆንን ስለሚናገሩ «እማማ ጆሮ» የሚል ስም አወጣንላቸው። ቋንቋቸውን ስለማንችል አብሮን የሚዞረው አስተርጓሚ ሲነግራቸው ሳቁና፣ «ጆሮዬ ለስም በቃ!» አሉ።

የቤታቸው በር ሲከፈት ሲጥጥ ይል ነበር፤ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ። እኔ ደግሞ የሚጮህ በር ስሰማ እጄ እንደማያርፍ ታውቂያለሽ። ባለፈው ሳምንት ነርሷ ጎረቤታቸው ደጅ ፀሐይ ላይ እግራቸውን ስታጥብላቸው፣ እኔ ማጠፊያውን ነቅዬ አዲስ ገጠምኩ፤ ግራሶ ቀባሁ፤ ወለሉን የሚታከከውን ጫፍ በመላጊያ ላግኩት። በአንድ ጣት ቢገፉት የሚሄድ፣ ትንፍሽ የማይል በር ሆነ። ነገ ሲያዩት ይመርቁኛል፣ ይቅርታ፣ ሲሰሙት ይመርቁኛል ብዬ ሳልነግራቸው ሄድኩ።

በማግሥቱ ነርሷ ገብታ ትከሻቸውን ስትነካቸው በድንጋጤ ጮኹ። የያዙት ትኩስ ውኃ ጭናቸው ላይ ተደፋ። ነርሷ ቶሎ ስላበረደችላቸው ብዙም አልተጎዱም። ከዚያ ወዲያ ግን አልጋዬ ላይ አልወጣም ብለው፣ አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ምን ሆኑብን?» አልኳቸው።

«በሬን ምን አደረጋችሁት?» አሉኝ። «ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለኝ እሱ ነበር። ጎረቤቴ በትከሻዋ ነው የምትገፋው። ነርሷ እንዳልነቃ ብላ ቀስ ትላለች። ንፋስ ግማሽ መንገድ ይሄድና ይመለሳል። ልጄ ደግሞ አንዴ ይገፋና ቆም ይላል፤ ከዚያ ነው የሚገባው። አሁን ቢመጣ በምን ልሰማው ነው?»

ልጃቸው ከሄደ ዓመታት አልፈዋል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን የሚጮህ በር ዝም ሳሰኝ ኖሬ፣ ዝም ያለ በር አስጩህ ተባልኩ። ግራሶውን በነጭ ጋዝ አጠብኩት፤ አሸዋ ነሰነስኩበት፤ ውኃ አጠጣሁት። እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡና፣ «አይደለም፤ ይሄ የሌላ ሰው በር ነው» ይላሉ። በመጨረሻ የጣልኩትን አሮጌ ማጠፊያ ከቅራቅንቦው መሀል ፈልጌ መልሼ ገጠምኩት። ሲጥጥ! ፊታቸው እንዴት እንደበራ ባየሽ! ሁላችንንም ተራ በተራ አስወጥተው አስገቡን፣ መጋቢያችንን ሳይቀር። አንዳችንንም አልሳቱም።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ላስቃቸው ያንቺን ወሬ አመጣሁ። «እኔም ቤት የሚጮህ የግቢ በር አለ። ሚስቴ ስንት ዓመት ሙሉ አስተካክለው ብላ ነዘነዘችኝ። ዘንድሮ ግራሶ ይዤ ብመጣ ደግሞ፣ ‹ተወው፣ ይጩህ› አለችኝ። እንግዲህ በምን ላስደስታት?» አልኳቸው።

አልሳቁም። እጄን ፈልገው ያዙና አስተርጓሚውን አዘዙት፤ «ሻይ ስትቀዳለት ጣቷን የት ታደርጋለች በለው።»

ብርጭቆው ከንፈር ላይ ነዋ! ከክረምት ወዲህ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትቀጂው፤ መሙላቱን በጣትሽ ስታውቂ እኔ ጥንቃቄ መስሎኝ አልፌዋለሁ። ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ መጣብኝ። መርፌና ክርሽን ለመምህርቷ መስጠትሽ። መጽሐፍ ቅዱሱን «ባንተ ድምፅ ሲሆን ይጥመኛል» ብለሽ ለኔ መተውሽ፤ እኔም እኮ በድምፄ ኮራሁ! የሄድኩ ዕለት መኪናው ሲነሳ እጅሽን ለሾፌሩ ነው ያውለበለብሽው። እኔ ከኋላው መስኮት ነበርኩ። ስቄብሽም ነበር።

ካላዩበት ዓይን ያው ግንባር ነው። የኔን ማለቴ ነው።

የኔ ፍቅር፣ ለምን እንዳልነገርሽኝ ገብቶኛል። ለዚህ አገልግሎት ከወጣትነቴ ጀምሮ ስመኝ አይተሻል፤ ብትነግሪኝ ደግሞ እግሬን እንደማላነሳ ታውቂያለሽ። «ሂድ፣ እኔ ምን እሆናለሁ» ብለሽ ሻንጣዬን በዳሰሳ አሰናዳሽልኝ። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ የሆነ ካልሲ ሳገኝ «ሚስቴ አረጀች» ብዬ ለነርሷ አውርቻለሁ። አሁን ያንን ካልሲ አላወልቅም ብያለሁ፤ ነርሷ አፍንጫዋን ብትይዝም።

መጋቢያችን እስከ ክረምት እንድቆይ ለምኖኝ እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ትናንት ግን፣ «መኪናው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመለስ አብሬ እሄዳለሁ» አልኩት።

«ይሄ ሁሉ አባትና እናት እየጠበቀህ?» አለኝ።

«እኔንም የምትጠብቀኝ አለች፤ እሷንም ለማገልገል ጌታ የሚጠራኝ ይመስለኛል» አልኩት። እሱም ትከሻዬን ያዘኝ።

ለእማማ ጆሮ ስነግራቸው፣ «የሚጠበቅ ሰው ሁሉ የሚመጣ ያድርገው» ብለው መረቁኝ። ከደጅ ወጥቼ አለቀስኩ። እሳቸው በራቸውን እያዳመጡ ቀሩ።

አሁን ሳትቆጪ ስሚኝ። እንደመጣሁ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ዓይንሽ ከዳነ ተመስገን ነው። ባይድንም እኔ አለሁልሽ፤ ሻዩን እኔ እቀዳለሁ፣ አንቺ ቀጠነ፣ ወፈረ እያልሽ አጉረምርሚብኝ። ያንን እንኳ ዓይን አይከለክልሽም።

ይህን ደብዳቤ ለምታነብልሽ ለመምህርታችን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። የሚጥምሽ የኔ ድምፅ ነው ብለሻልና ድምፅዋን ብዙ እንዳታሳምረው።

ጌታ በመዳፉ ይያዝሽ፤ መንገድሽን ከፊትሽ ሆኖ ያቅናልሽ። የግቢውን በር ማንም ግራሶ እንዳያስነካው። እኔ እንዴት እንደምገፋው ታውቂዋለሽ። ስደርስ ከደጅ ሆኜ አልጣራሽም፤ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

ያንቺው አናጢ