የሊቀ መንበሩ ጥንቸል ጥርስ

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.

ቤቴን ወርሶ አንድ ክፍል የተወልኝ የቀበሌው ሊቀ መንበር ዛሬ የልጁን ጥንቸል አቅፎ መጣ። ጥርሷ ረዝሞ መብላት አቅቷታል። አምና በስብሰባ ላይ «አንቺ አድኃሪ» ያለኝ ሰው፣ «እማማ፣ ነርስ ነበሩ አሉ፤ ልጄ በለቅሶ ልትሞትብኝ ነው» አለኝ።

«የአድኃሪ እጅ ይንካት?» አልኩት። ጥንቸሏን ጭኔ ላይ አኖራት።

ጥርሷን በጥፍር መቁረጫ አሳጠርኩላት። ዳቦ ብቻ ስላበሏት ነው እንጂ ሣር ብታኝክ ኖሮ ይህን ያህል ባልረዘመ። ይህን ነገርኩት፤ እውነት ነው። «ሣሩን ግን በየማለዳው ከእንጦጦ ራስህ አጭደህ፣ በጀርባህ ተሸክመህ አምጣ፤ ሌላ ሰው የነካውን አትበላም» ያልኩት ውሸት ነው።

ቢነቃብኝ ያስረኛል። ይሰረኝ። ነገ ወንበሬን ደጃፍ አውጥቼ፣ በሰፈራችን በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰው ሁሉ ፊት እንደ አህያ ተጭኖ ሲወርድ አየዋለሁ።