አጥር ላይ የተሰጣ የሽንት ጨርቅ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ክረምቱ ስለወጣ ዛሬ የልጄን የሽንት ጨርቆች አጥር ላይ አሰጣሁ። ከአባቱ አሮጌ ኩታ የቀደድኳቸው ናቸው። አባቱ ፈረስ ቤት ከተማ ሊያስተምር ከሄደ ወዲህ ደጄን የረገጠ ሰው የለም፤ ለሰፈሩ እንግዳ ነኝ።

ጎረቤቴ እማማ ጥሩነሽ ጨርቆቹን አይተው እየጮኹ መጡ።

«ምነው አንቺ ልጅ! የሕፃን ጨርቅ ደጅ ይሰጣል እንዴ? ወፍ ቢያልፍበትና ልጁ ቢታመምስ?»

ራሳቸው ሰብስበው አስገቡልኝ፤ ምድጃው አጠገብ ዘረጓቸው። ልጁንም ታቅፈው «ይኸው በስብሷል!» ብለው ቀየሩት። እየተቆጡኝ ብዙ ቆዩ። ቤቱ ሞቀ።

ሲወጡ «ሁለተኛ እንዳላይሽ!» አሉኝ።

«እሺ እማማ» አልኳቸው።

ነገ ግን አንዷን ጨርቅ እሳቸው በሚያዩበት በኩል አሰጣታለሁ። ወፍ እንዳያልፍባት አጠገቧ ቆሜ እጠብቃለሁ።