በማንጎ ጥላ ሥር ለተተከለልን ፀሐይ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የደሴቶች ንጹሕ ኃይልና ልማት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ሞሮኒ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በተከበሩት ቤተሰብዎና ቢሮዎን ቀኑን ሙሉ በሚያቀዘቅዝልዎ መሣሪያ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ለምረቃው የመጡ ዕለት ከመኪናዎ ወርደው እስከ ወንበሩ ድረስ በእግርዎ መሄድዎን መንደሩ ሁሉ አይቶ አዝኖልዎት ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው።

ስሜ ዩሱፋ ምቻንጋማ ይባላል፤ የሺንዲዮ መንደር ተወላጅ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ ሃያ ስድስቱን ዓመት ያሳለፍኩት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ነው። በመንደራችን ሥርዓት ግን ልጅ ነኝ። ክቡርነትዎ ራስዎ ሙሉ ሰው ስለሆኑ እንደሚያውቁት፣ ትልቁን ሰርግ ደግሶ፣ በሬ ጥሎ፣ መንደሩን ያላበላ ወንድ አግብቶ ቢወልድም፣ ጢሙም ቢሸብት አደባባይ ላይ አይናገርም፤ ወንበር ይሸከማል፣ እጅ ያስታጥባል፣ የታረደውን ይገፍፋል። እኔም ለሰርጉ ብዬ ዓመታት አጠራቅሜ ነበር። ነገር ግን ያጠራቀምኩትን ይዤ ልጄን አንዚዛን የማቀዝቀዣ ማሽን ሙያ እንድትማር ማዳጋስካር ላክኋት። ተምራ ተመለሰች። እነሆ መንደሩ ባለሙያ አገኘ፣ እኔም ልጅ እንደሆንኩ ቀረሁ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ነበር በእርስዎ መልካም ፈቃድ ለበረዶ ማሽን የሚሆን የሶላር ኃይል ወደ መንደራችን የመጣው። ማሽኑን የሚያሠራውን ናፍጣ የሚያመጣው መርከብ በዘገየ ቁጥር ዓሣችን ገበያ ሳይደርስ የሚሸትብን ሰዎች ስለሆንን ዜናውን በእልልታ ነው የተቀበልነው። አንዚዛም ማሽኑን እንድታንቀሳቅስ ለአንድ የቱና ወቅት በሙከራ ተቀጠረች። ያን ዕለት ማታ የነገረችኝን ቃል በቃል ልጥቀስልዎ፦ «ባባ፣ በረዶው ከወጣ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም። ካልወጣ ግን ዓሣ ሲሸት እያየሁ ቁጭ አልልም።» ከዚህ የሚሄድ ሰው ባሕሩን ተሻግሮ ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን ዓይነት ጀልባ እንደሚሄድና ስንቱ ሳይደርስ እንደሚቀር ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

ምስጋናዬ በዝርዝር የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቦታው መረጣ አመሰግናለሁ። ሙሉ ሰዎቻችን የመንደር ክብር የሚቀመጠው በመንደር አደባባይ ነው ብለው ወሰኑ። አደባባዩን ደግሞ አያቶቻችን የተከሉት ማንጎ ከዳር እስከ ዳር አጥልቶበታል፤ እነርሱ የሚቀመጡት ከጥላው ሥር ስለሆነ ዛፉን መቁረጥ በሐሳብም አይታሰብም። ስለዚህ የሶላሩ ፓነሎችም አብረዋቸው ጥላው ሥር ተቀመጡ። እርስዎም በተገኙበት በዚያ የውሳኔ ሸንጎ እኔ በስተኋላ ወንበር ስደረድር ለመናገር እጄን አውጥቼ ነበር። ታላቁ ሽማግሌያችን ባኮ ሱንዲ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ እጅህን አውርድና ወንበር አምጣ፤ እንግዳው ቆሟል እኮ!» አሉኝ። አመጣሁ። የተቀመጡበት እርስዎ ነዎት፤ እንደተመቸዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ሴት በዚያ ሸንጎ ስለማትገባ አንዚዛ የዛፉ ጥላ በየሰዓቱ የሚያርፍበትን ቦታ በወረቀት ነድፋ ሰጥታኝ ነበር። ለባኮ ሱንዲ አደረስኩ። እርሳቸውም መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ካዩት በኋላ «ማሻአላህ! ቁርጥ የእኛ ማንጎ!» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ዝም አይነቅዝም ይባላልና ዝም አልኩ። እርስዎም ዝም አሉ።

ሁለተኛ፣ የምረቃውን በዓል በተመለከተ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም። ፀሐይዋ በቅርንጫፎቹ መሐል የምታየን እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ ማሽኑ ውኃውን ቀዝቀዝ ያደርገውና ሳይረጋ ጥላው ይመለሳል። ለዕለቱ ግን በረዶ መታየት ስለነበረበት ከትምህርት ቤቱ ግንብ ጀርባ የናፍጣ ጄኔሬተር ተደብቆ እንዲሠራ ታዘዘ፤ አንቀሳቃሹም ሙያም ልጅነትም ያለኝ እኔ ሆንኩ። ክቡርነትዎ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህች ደሴት ጭስ ታሪክ ነው» ሲሉ እኔ ጭሱ ከግንቡ በላይ ብቅ እንዳይል እርጥብ ጆንያ ይዤ ከላይ ከላዩ እያራገብኩ ነበር። ጭብጨባው ደርሶኛል። ባኮ ሱንዲም ከጭማቂያቸው በረዶ አውጥተው እየቆረጠሙ «የፀሐይ በረዶ ለካ ጥርስ ያማል!» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሦስተኛ፣ መንደራችን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ኃይል ተጠቃሚ ነው ተብሎ በጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርት ላይ በመስፈሩ ኮርተናል። ንጹሕ በመሆናችንም በየወሩ ይሰጠን የነበረው ናፍጣ ተቋረጠ። ቀድሞ መርከብ ሲዘገይ ብቻ ይሸት የነበረው ዓሣ አሁን መርከብ ቢመጣም ይሸታል። ሴቶቹ ቱናውን ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ይደፉታል። ልማት የለም እንዳይባል ድመቶቻችን በአንድ ወቅት ውስጥ ያሳዩትን ለውጥ መጥተው ቢጎበኙልን ደስ ይለናል።

አራተኛ፣ ቢሮዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ ጸሐፊዎ በትሕትና ስላስተናገደችኝ አመሰግናለሁ። ጉዳዩ የማኅበረሰቡ ስለሆነ በሙሉ ሰዎች በኩል ይቅረብ አለችኝ። ሙሉ ሰዎቹ ዘንድ ሄድኩ። ልጅ አቤቱታ አያቀርብም አሉኝ። ልጅ ደብዳቤ አይጽፍም የሚል ግን በሥርዓታችን ውስጥ ስላላገኘሁ ይኸው ጻፍኩ።

የቱናው ወቅት ባለፈው ወር አለቀ። ሙከራውም አብሮ አለቀ። አንዚዛ ማሽኑን አጠበችው፤ በፀሐይ አንድም በረዶ ሳይወጣው ለምን እንደምታጥበው አልጠየቅኋትም። ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቀለች። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሻንጣዋን ተሸክሜ ባሕሩ ዳር አደረስኋት፤ መሸከም ልምዴ ነው። ትንሿ ጀልባ ሞልታ ነበርና በጉልበቶቿ መሐል ሻንጣዋን ይዛ ተቀመጠች። «ግባ ባባ፣ ብርድ ነው» አለችኝ። ቤት ገባሁና የቀዘቀዘ ካሳቫ በላሁ። አባት ያለቅሳል ይባላል። ጠብቄ ነበር፤ ዕንባው አልመጣም። አሁንም ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር ብቻ ነው። ባሕሩ በእርግጥ ጸጥ ያለ ነበር።

በመሆኑም ክቡር ሆይ፣ ጥላችንን ሳያጓድሉ ፀሐይን ስላመጡልን፣ ጭስን ከዓይናችን ስለጋረዱልን፣ ዕድሜዎ እንደ ማንጎአችን እንዲረዝም፣ ቅርንጫፍዎም እንዲሰፋ እየተመኘሁ፣ ወንበርዎን በታማኝነት ያመጣሁት የመንደር ልጅ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ዩሱፋ ምቻንጋማ
ሺንዲዮ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል አንዚዛ ከባሕሩ ማዶ ካለችው ከማዮት ደሴት ደወለች። በሰላም ደርሳ በአንድ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ሥራ ይዛለች። «ባባ፣ ትልቁን ሰርግህን እኔ ነኝ የምደግስልህ» አለችኝ። «እማዬን እንደገና ታገባታለህ፤ ከዚያ አደባባይ ቆመህ ትናገራለህ።» እናቷም እሺ ብላለች። አላህ ካለ ስድሳ ዓመት ሳይሞላኝ ሙሉ ሰው እሆናለሁ፤ ያን ጊዜ ተነሥቼ የምናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ፓነሎቹ ያሉት ጥላ ሥር ነው። እስከዚያ አጀንዳውን እንዲያቆዩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ክቡርነትዎም በሰርጉ ላይ የክብር እንግዳ ነዎት፤ ወንበር የሚያመጣልዎ ልጅ አይጠፋም። ስለ ጭማቂው ግን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በረዶ የለንም።