ጅዳ ያረፈው አውሮፕላን

ወረታ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለራህመት፤

አሰላሙ ዓለይኪ፣ ራሁዬ። እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እማን ብቻ ጉልበቷን ያማታል። ይህን ደብዳቤ ከበርበሬው ከረጢት ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ቱርኪያ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ጅዳ ስለምትመለስ፣ በርበሬውን ለራህመት እበሯ ድረስ አደርስላታለሁ ብላኛለች። በስልክ እንዳልነግርሽ እኔ ዘንድ አባባ፣ አንቺ ዘንድ አሠሪሽ ሴትዮዋ አጠገብ ይቀመጣሉ። ደግሞም ታውቂኛለሽ፤ ሰው እየሰማኝ መናገር አይሆንልኝም።

ሜዳው ላይ የሩዝ አጨዳው ደርሷል። ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ ነው። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። እኔ ከአባባ ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳ አልወጣም፤ እዚያ አሮጌው ኮምፒውተር አለ። መምህር ይሄይስ ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት የአውሮፕላን ማብረሪያ ጨዋታ ጭኖልኛል፤ መሪውንም ትቶልኝ ሄዷል። በሩን ዘግቼ አበርራለሁ።

ቀልድ እንዳይመስልሽ። ከባሕር ዳር ስነሣ ፍጥነቱን፣ ከፍታውን፣ አቅጣጫውን እያየሁ ነው። አፍንጫውን ከልክ በላይ ካነሣሁት ይጮኽና ይወድቃል። ነዳጅ ያልቃል፣ ነፋስ ይገፋል። መምህርን አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ፣ "እውነተኛው እንዲህ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"መለኪያዎቹ አይዋሹም፣ ሀዲያ፤ ፓይለቶችም ይለማመዱበታል" አለኝ። "የሚዋሽሽ ወንበርሽ ነው።"

"እንዴት?"

"ስለማይነሣ።"

እውነቱን ነው። ሰማዩ ሲዘነበል እኔ ቀጥ ብዬ ተቀምጫለሁ። እማ ስትጠራኝ አንድ ቁልፍ እጫንና አየር ላይ አቁሜው እሄዳለሁ። ወረታ ስደርስ ደግሞ ወረታ የለችም! የፎገራ ሜዳ ባዶ ቢጫ መሬት ነው፤ ሩዝም፣ ውኃም፣ ሰውም የለበትም። አንዳንዴ አባባ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። "ቀስ በይ እንጂ፣ ጣራ ገዳም ተራራ ላይ ልትለጥፊን ነው!" እያለ ወንበሬን ይይዛል። እሱ ሲስቅ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ታጁ መጣ፤ አንቺን የላከው ደላላ። አባባ ጓዳ ድረስ አስገባው።

"አየሃት? ከባሕር ዳር ተነሥታ ጅዳ ትገባልሃለች" አለው።

"እንግዲያ ትኬት ምን ያስቆርጠናል፣ ጋሽ መሐመድሰዒድ? ራሷ ነድታ ትሂድልዎታ!" አለና ሳቀ። "አውሮፕላን የማትፈራ ልጅ ጥሩ ነው። ሌሎቹ እኮ ገና ሲነሣ ነው ለቅሷቸው። ዕድሜዋ ስንት ነው?"

"ዐሥራ ስድስት።"

"ፓስፖርቱ ላይ ሃያ አንድ እናደርጋታለን።"

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ደስ ያለኝ መሰላቸው። የሚያለቅሱት አውሮፕላኑን ፈርተው ነው እንዴ፣ ብዬ በልቤ አሰብኩ።

በማግስቱ መብራት ሳይጠፋ ዋለ። ከጧት ጀምሬ እውነትም ወደ ጅዳ በረርኩ። አንዲትም ጊዜ አላቆምኩትም፤ እማ ምሳ ብላ ብትጠራኝም አልተነሣሁም። ተራሮቹ አለቁ፣ በረሃው አለቀ፣ ባሕሩ መጣ። ባሕሩ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። የአሱር ሶላት ሲደርስ፣ ነዳጁ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ከተማው ታየኝ። ከመስጊድ ጀርባ፣ ነጭ አጥር ያለው ያልሽኝን ቤት ዝቅ ብዬ ፈለግሁት። ቤቶቹ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የትኛው ውስጥ እንዳለሽ አላውቅም። ነዳጁ እንቢ ሲል አረፍኩ። ሞተሩን አጠፋሁና በሩን የሚከፍት ቁልፍ ፈለግሁ። የለም። የትም መሄድ ይቻላል እንጂ መውረድ አይቻልም። ማልቀሴን እማ እንዳትሰማ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ራሁ፣ አንድ ጊዜ በድምፅ መልእክት፣ "ፀሐይን የማያት ልብስ ላሰጣ ጣራ ላይ ስወጣ ነው" ብለሽ ሳቅሽ። አባባ ሳቅሽን ብቻ ሰማ፤ "አየሽ፣ ተመችቷታል" አለ። እኔ ግን መልእክቱን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከሄድሽ ወዲህ ከግቢው በር ወጥተሽ ታውቂያለሽ?

አልዋሽሽም፣ መሄድ ያምረኛል። ወንበሩ ከሥሬ ሲነሣ አንድ ቀን እንኳ ባውቀው እወዳለሁ። ሌላ መሳፈሪያ ደግሞ ማንም አይሰጠኝም። ብቀር የሚጠብቀኝ ይኸው ጓዳ ነው፤ ከዚያም የማላውቀው ባል ይሆናል።

በሚመጣው ወር የመጀመሪያው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ አባባ ከታጁ ጋር ሆኖ ይደውልልሻል። "እህትሽን ልላካት ወይ?" ብሎ ይጠይቅሻል። የሚሰማው አንቺን ብቻ ነው። "ላካት" ካልሽ በማግስቱ ለፓስፖርቱ ባሕር ዳር ይወስዱኛል። እባክሽ፣ እንደ ልማድሽ እሱን ደስ ለማሰኘት ብለሽ አትመልሺ። ሴትዮዋ አጠገብሽ ሆና እውነቱን መናገር ካቃተሽ ዝም በይ፤ ስልኩን ግን አትዝጊው። አባባ፣ "መስመሩ ተቋረጠ" ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ፣ "አልተቋረጠም አባባ፣ ራህመት እየመለሰችልህ ነው" እለዋለሁ። ታጁ ፊት እለዋለሁ።

እማ ከሶላት በኋላ ሁልጊዜ፣ "አላህ ባለችበት ያኑርልኝ" እያለች ትመርቅሻለች። እኔ ለዚያ ዱዓ አሚን ማለት ትቻለሁ። አላህ ካለሽበት በሰላም ያውጣሽ።

እህትሽ ሀዲያ መሐመድሰዒድ